ማርሹ በራሱ ይለወጣል፤ ኃላፊነቱ ግን የቤተሰብ ነው

ለቤተሰብ ከሚገዙ ነገሮች ሁሉ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው መኪና ነው። በመሆኑም መኪና መግዛት የአባወራው ወይም የእማወራዋ የግል ጉዳይ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ተቀምጦ ሊመክርበት የሚገባ ጉዳይ መሆኑ አያጠያይቅም። ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ደግሞ የሚገዛው መኪና ለአገልግሎቱ ብቻ ሳይሆን ለውበቱና ለታሪኩ ተብሎ የተወደደ አሮጌ መኪና ሲሆን ነው።

በአሜሪካ አገር በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተሠሩ ትልልቅ የቤት አውቶሞቢሎችን ገዝቶ፣ አድሶና ወልውሎ መንዳት የብዙ ሰዎች የዕረፍት ጊዜ ሥራ ከሆነ ቆይቷል። ብዙዎቻችን በዚያ አገር የሚኖር እህት፣ ወንድም ወይም ልጅ ስላለን፣ ከእነርሱም መካከል የዚህ ዓይነቱ መኪና ፍቅር የያዘው አይጠፋም። ባል ከአንድ ጋራዥ ውስጥ ክብ ክብ ያለውን፣ ፓራውርቱ እንደ መስተዋት የሚያበራውን ሽቭሮሌት አይቶ ልቡ ሲሸፍት፣ ሚስት ደግሞ «ልጆቹን ይዘን የምንሄድበት ነው ወይስ ቆሞ የሚታይ?» ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ፍሪሲዮን የሌለው መኪና

ከ1940 በፊት በነበሩት የተለመዱ መኪናዎች ነጂው በግራ እግሩ ፍሪሲዮን እየረገጠ፣ በእጁ ማርሽ እየለወጠ፣ በቀኝ እግሩ ደግሞ ነዳጅና ፍሬን እያፈራረቀ ይነዳ ነበር። በተለይ ዳገት ላይ ቆሞ እንደገና ለመነሳት፣ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተትና ሞተሩም እንዳይጠፋ አድርጎ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። ይህንን ማንዋል መኪና የነዳ ሁሉ ያውቀዋል።

የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ በመሐንዲሱ በኧርል ቶምፕሰን መሪነት ያሠራው ሃይድራማቲክ የተባለው ካምቢዮ በ1939 ለሕዝብ ተዋወቀ፤ በ1940ው ኦልድስሞቢል ላይም ተገጥሞ ተሸጠ። አራት የፊት ማርሽ ያለው ሲሆን፣ ማርሾቹ የሚለወጡት በራሳቸው ነበር። የፍሪሲዮን ፔዳል የሚባል ነገር አልነበረውም። ይህን ለሚፈልግ ገዢ የሚጨመረው ዋጋ መጀመሪያ ላይ 57 ዶላር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይኸው ካምቢዮ በቀላል ታንኮች ላይ ተገጥሞ ሠርቷል። ከጦርነቱ በኋላም በውጊያ እግራቸውን ወይም እጃቸውን ያጡ ወታደሮች እንደገና መኪና ለመንዳት እንዲችሉ ረድቷል።

ያም ሆኖ አውቶማቲክ ማርሽ ለብዙ ጊዜ የቆየው በውድ መኪናዎች ላይ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ባላቸው መኪናዎች ላይ የመጣው ሽቭሮሌት በ1950 ፓወርግላይድ የተባለውን ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮ ሲያቀርብ ነው። ተጨማሪ ክፍያው 159 ዶላር፣ ይኸውም የመኪናው ዋጋ አንድ አሥረኛ ገደማ ነበር። በ1951 ፎርድም የራሱን አቀረበ። ከዚያ ወዲህ አውቶማቲክ መኪና ወደ ሠራተኛው ቤተሰብ በር ደረሰ።

የዚያን ጊዜ ማስታወቂያዎች በመሪው ላይ ፈገግ ብላ የተቀመጠች ሴት እያሳዩ፣ አውቶማቲክ ማርሽ ለሴት ነጂ የሚመች መሆኑን ይሰብኩ ነበር። ይህ ግማሽ እውነት ነው። በጦርነቱ ዓመታት ሴቶች ከባድ ካምዮንና አምቡላንስ በፍሪሲዮን እያስነሱ ሲነዱ ስለ ነበር፣ ሴት ልጅ ያነሳት ችሎታ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ በሥራ ቦታ ቆማ ውላ፣ ከዚያም ገበያ ደርሳ፣ ልጆቿን ሰብስባ ወደ ቤቷ ለምትመለስ እናት የሚያስፈልጋት ድካሟን የሚቀንስላት መሣሪያ ነበር። ለወንዱም ሠራተኛ ቢሆን የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ማስታወቂያዎቹ አንድ ነገር አደበላልቀው አልፈዋል። ድካም መቀነስ አደጋ መቀነስ አይደለም። የዛሬ ገዢም ሊይዘው የሚገባው ዋና ቁም ነገር ይህ ነው።

ዘይቱ የሚሠራው ሥራ

የእነዚህን ካምቢዮዎች አሠራር ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ትልቅ ድስት ውስጥ ያለ ወጥ በማማሰያ ሲዞር፣ ወጡ ራሱ ይዞራል። በዚያው ድስት ውስጥ ሌላ ማንኪያ ቢያዝ፣ ማንኪያው በሚዞረው ወጥ ሲገፋ በእጅ ላይ ይሰማል። ማማሰያውና ማንኪያው ግን አልተነካኩም። በአውቶማቲክ መኪናም እንዲሁ ነው። ሞተሩ በዘይት የተሞላ ዕቃ ውስጥ ያሉትን ክንፎች ያዞራል፤ የሚዞረው ዘይት ፊት ለፊት ያሉትን ሌሎች ክንፎች ይገፋል፤ እነዚያም ኃይሉን በማርሾቹ በኩል ወደ ጎማ ያስተላልፋሉ። ስለዚህ ማርሽ ገብቶ ሳለ ፍሬን ተይዞ መኪናው ቢቆም ሞተሩ አይጠፋም። ፍሬኑ ሲለቀቅ ደግሞ ነዳጅ ባይሰጠውም መኪናው በዝግታ መሄድ ይጀምራል።

ከዚህ የምንረዳው በእነዚህ መኪናዎች የፍሪሲዮኑን ሥራ የሚሠራው ዘይት መሆኑን ነው። ዘይቱ ካነሰ ወይም ከተቃጠለ መኪናው አይሄድም። የካምቢዮው ጎሚኒዎች ከዕድሜ ብዛት ስለሚደርቁ የዘይት መንጠባጠብ የተለመደ ነው። መኪናው ለሳምንታት ቆሞ ከሰነበተም ዘይቱ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ጊዜ እስኪሠራ ድረስ መኪናው አልንቀሳቀስ ሊል ይችላል።

ሁለቱ ካምቢዮዎች ጠባያቸው የተለያየ ነው። ሃይድራማቲክ ማርሽ ሲለውጥ ትንሽ ገፋ ማድረጉ ይሰማል። ይህ ብልሽት አይደለም። ከ1950 እስከ 1952 በተሠሩት ፓወርግላይዶች ደግሞ እጀታው ዲ ላይ ሲሆን መኪናው የሚነሣው በከፍተኛው ማርሽ ስለሆነ አነሣሡ ዝግ ያለ ነው። ይህም ብልሽት አይደለም። በዚያን ጊዜ ፈጥነው ለመነሣት የፈለጉ ነጂዎች በኤል አስነሥተው ወደ ዲ እየቀየሩ ካምቢዮውን ከጊዜው በፊት ይጨርሱት ስለ ነበር፣ ሽቭሮሌት ከ1953 ጀምሮ ከዝቅተኛው ማርሽ ተነሥቶ በራሱ የሚለውጥ አድርጎ አሻሽሎታል። ስለዚህ የ1950ውን የገዛ ሰው እንደ ጠባዩ፣ ያለ ችኮላ ሊነዳው ይገባል።

እጀታው እንደ ዛሬው አይደለም

የዛሬ አውቶማቲክ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ የፊደሎቹን ቅደም ተከተል እጁ ለምዶታል፤ ፒ ማቆሚያ፣ አር የኋላ ማርሽ፣ ኤን ፎሌ፣ ዲ የፊት ማርሽ። በጥንቶቹ መኪናዎች ግን ተራው ይህ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሃይድራማቲኮች ላይ ፊደሎቹ ኤን፣ ዲ፣ ኤል፣ አር ተብለው ይደረደራሉ። በፓወርግላይድ ላይ ፒ፣ ኤን፣ ዲ፣ ኤል፣ አር ናቸው። በሁለቱም የኋላ ማርሽ ያለው በመጨረሻው ጫፍ ላይ፣ ከዝቅተኛው የፊት ማርሽ አጠገብ ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁልቁለት ላይ ዝቅተኛ ማርሽ ፈልጎ እጀታውን እስከ መጨረሻው የሚስብ ነጂ የኋላ ማርሽ ያስገባል። በጠባብ ቦታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያለ መኪና የሚያቆም ሰውም፣ መኪናው ወደ ፊት ይሄዳል ብሎ ሲጠብቅ ወደ ኋላ ሊሄድበት ይችላል። ከኋላው ደግሞ ልጅ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ራልፍ ኔደር በ1965 ባሳተመው፣ ስለ አሜሪካ መኪናዎች ደህንነት በሚናገረው መጽሐፍ ውስጥ ከነቀፋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው በየኩባንያው የተለያየ የማርሽ አደራደር ነበር። በ1966 የአሜሪካ መንግሥት የመኪና ደህንነት ሕግ አወጣ፤ በዚያም መሠረት ከጥር 1 ቀን 1968 ጀምሮ ፎሌ በፊትና በኋላ ማርሽ መካከል እንዲሆን ግዴታ ተደረገ። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና የሚገዛ ሰው ግን ሕጉ ያልደረሰለትን ዕቃ መግዛቱን ማወቅ አለበት።

ሌላም ልዩነት አለ። የመጀመሪያዎቹ ሃይድራማቲኮች የማቆሚያ ፒ የላቸውም። መኪናውን ለማቆም ሞተሩን አጥፍቶ እጀታውን አር ላይ ማድረግ፣ የእጅ ፍሬኑንም መሳብ ያስፈልጋል።

በመሆኑም መኪናውን የሚነዱ ሁሉ፣ ባልም ሆነ ሚስት ወይም መንጃ ፈቃድ ያለው ልጅ፣ መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እጀታውን በየፊደሉ እያንቀሳቀሱ ሊለማመዱ፣ ከዚያም ሰው በሌለበት ሰፊ ሜዳ ሊሞክሩት ይገባል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ያባቶች ቃል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ከመግዛት በፊት

በመጀመሪያ ደረጃ፣ መኪናው ሲታይ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያሳየውን ችግር ገዢው አያይም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የካምቢዮው ዘይት መለኪያ ይወጣና ይታይ፤ ይሸተትም። ጤነኛ ዘይት ቀላ ያለና ንጹሕ ነው። የጠቆረና የማረር ሽታ ያለው ከሆነ ካምቢዮው ውስጡ እየተበላ መሆኑን ያመለክታል። እናት በሽታ ብቻ ያረረውን ወጥ ካልነካው እንደምትለይ ሁሉ ይህንንም ማንም ሰው ሊለየው ይችላል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ሞተሩ መነሣት ያለበት እጀታው ኤን ላይ ወይም ፒ ካለው ፒ ላይ ሲሆን ብቻ መሆኑ ይረጋገጥ። ማርሽ ውስጥ እያለ የሚነሣ ከሆነ አደገኛ ስለሆነ ሳይጠገን አይነዳም።

በአራተኛ ደረጃ፣ መኪናው ከፍ ተደርጎ ከሥር ይታይ። የላይኛው ቀለም ያብለጨልጭ እንጂ ወለሉና ሻንሲው በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ቀለም በቀላሉ ይቀባል፤ የተበላ ብረት ግን ብዙ ገንዘብ ይበላል።

በአምስተኛ ደረጃ፣ ይህን የመሰለ ካምቢዮ ከፍቶ ማደስ የሚችል መካኒክ በአካባቢው መኖሩ ከመግዛት በፊት ይጠየቅ። ሙያው በየጋራዡ የሚገኝ አይደለም። በተጨማሪም እስከ 1954 የተሠሩት ሽቭሮሌቶች የኤሌክትሪክ መሥመራቸው 6 ቮልት ነው፤ እንደ ዛሬዎቹ 12 ቮልት አይደለም። ይህን ያላወቀ ጎረቤት ሊረዳ ብሎ ከራሱ ባትሪ ጋር ቢያገናኘው ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

መንገድ ላይ ሲወጣ

የእነዚህ መኪናዎች ፍሬን በአራቱም ጎማ ላይ የታምቡር ፍሬን ነው። ከዚያም በላይ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአብዛኞቹ የአሜሪካ መኪናዎች ዋናው የፍሬን ፖምፓ ለአራቱም ጎማ ዘይት የሚልከው በአንድ መሥመር ነበር። አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ ወይም አንዱ ጎሚኒ ቢያፈስ የአራቱም ጎማ ፍሬን አብሮ ይጠፋል። የዛሬ መኪና ሁለት መሥመር ስላለው አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል። ስለዚህ አሮጌ መኪና የገዛ ቤተሰብ ለመቀመጫ ጨርቅና ለቀለም ከማውጣቱ በፊት ለፍሬን ሊያወጣ ይገባዋል። ቱቦዎቹ ይቀየሩ፣ ሸራዎቹ ይታዩ፤ የሚቻል ከሆነ ባለ ሁለት መሥመር ፖምፓ ይገጠም። የእጅ ፍሬኑም መኪናውን በእርግጥ ይዞ የሚያቆም መሆኑ ይፈተን።

የጥንቱ አውቶማቲክ ማርሽ ቁልቁለት ላይ በሞተር የመያዝ ኃይሉ አነስተኛ ነው። እጀታው ዲ ላይ ሆኖ ረዥም ቁልቁለት ሲወረድ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ታምቡሩ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ፍጥነት ቀንሶ፣ ፊደሉን በዓይን አይቶ ኤል ማስገባት ይገባል። ከፊት ካለው መኪና የሚኖረው ርቀትም በዛሬ መኪና ከለመድነው በእጅጉ መስፋት አለበት። ሌላው ነጂ በዛሬ ፍሬን በአጭር ሊያቆም ይችላል፤ የኛ አሮጌ መኪና ግን አይችልም።

ልጆችና አሮጌው መኪና

አሁን ወደ እናት ጥያቄ እንመለሳለን። በ1950 የተሠራ ሽቭሮሌት ከፋብሪካ ሲወጣ የደህንነት ቀበቶ አልነበረውም። በአሜሪካ የፊት መቀመጫ ቀበቶ በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ የተለመደ ዕቃ የሆነው በ1964 ሲሆን፣ በሕግ የተገደደው ከ1968 ጀምሮ ነው። የመሪው ዘንግ አይታጠፍም፤ ከፊት ያለው ዳሽቦርድም ብረት ነው። በግጭት ጊዜ የመኪናው ግዝፈትና የብረቱ ውፍረት በውስጥ ያለውን ሰው አያድነውም። ቀበቶ ያላሰረ ልጅ በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ ይወረወራል።

በአሜሪካ የሕፃናት መቀመጫን የሚያስገድዱ ሕጎች ከ1978 ጀምሮ በየክፍላተ አገሩ እየወጡ በ1985 ሁሉንም አዳርሰዋል። ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ ሕጉ ከጥንት ቀበቶ ያልነበራቸውን መኪናዎች ከግዴታ ነፃ ያደርጋል። ሕግ ነፃ ያደረገውን አደጋ ግን ነፃ አያደርገውም። ከሻንሲው ጋር በትክክል በባለሙያ የተያያዘ ቀበቶ ሳይገጠም ልጅ ሊሳፈርበት አይገባም። ወገብ ብቻ የሚይዝ ቀበቶ የራሱ ማሰሪያ ላለው የሕፃን መቀመጫ ሊያገለግል ይችላል፤ ከፍ ላሉት ልጆች የሚሆነው ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ ግን ትከሻንም የሚይዝ ቀበቶ ይፈልጋል። ይህ ካልተሟላ ልጆቹ በሌላው መኪና ይሂዱ።

ሁለተኛው ነገር ጨዋታ ነው። በዛሬ አውቶማቲክ መኪና ፍሬን ካልተረገጠ እጀታው ከፒ አይወጣም። ይህም በአሜሪካ ግዴታ የሆነው ከመስከረም 2010 ጀምሮ በተሠሩ መኪናዎች ላይ ነው። በጥንቱ መኪና ግን ልጅ እጀታውን በትንሽ እጁ ስቦ መኪናውን ሊለቀው ይችላል። ስለዚህ ልጅን በዚህ መኪና ውስጥ ብቻውን መተው ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አይገባም። ቤት ውስጥ ቆሞም ቢሆን በሩ ይቆለፍ፤ ከጎማው ሥር ማገጃ ይደረግ።

ሦስተኛው አየር ነው። ማርሚታው ከተቀደደና ወለሉ በዝገት ከተበሳ፣ የሞተሩ ጭስ ወደ ውስጥ ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በኋላ መቀመጫ ላይ ተኝቶ የሄደ ልጅ ራሱን ካመመው ወይም ካቅለሸለሸው «መንገዱ አድክሞት ነው» ብሎ ማለፍ አያስፈልግም። ወዲያው መኪናውን አቁሞ ንጹሕ አየር ማግኘት፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ ጭሱ የሚገባበትን ቀዳዳ ሳይደፍኑም እንደገና አለመንዳት ይገባል።

አራተኛው እቤት ድረስ ተከትሎ የሚመጣው አቧራ ነው። የጥንቶቹ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ የሚባለው ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን ነበራቸው። ታምቡሩ ሲከፈት የሚወጣውን አቧራ በአፍም ሆነ በአየር ማንፋት፣ በመጥረጊያም መጥረግ ተገቢ አይደለም። ሥራውን መከላከያ ላለው ጋራዥ መስጠት ይሻላል። አቧራው የነካውን የሥራ ልብስም ከልጆች ልብስ ጋር አንድ ላይ ማጠብ አይገባም።

ስለ ገንዘቡ

አሮጌ መኪና የሚገዛበት ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ካምቢዮና ፍሬን ማደስ፣ ጎማ፣ ከዝናብ የሚከለል ቦታ፣ ኢንሹራንስ ይከተላሉ። በአሜሪካ ለእንዲህ ያሉ መኪናዎች የሚሸጠው ርካሽ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡ ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚጠቀምበት ሌላ መኪና እንዲኖረው ይጠይቃል። ስለዚህ ይህ መኪና አንደኛው ሳይሆን ሁለተኛው መኪና መሆኑ በግልጽ ይታወቅ። ባልና ሚስት ወረቀትና እርሳስ ይዘው፣ ከቤት ኪራይ፣ ከምግብና ከትምህርት ቤት የተረፈውን ከጻፉ በኋላ፣ ከዚያ ላይ የሚነሣውን ይወስኑ። ተርፎ የሚገዛ እንጂ ተርቦ የሚገዛ ጌጥ የለም።

እንግዲህ ለእናት ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ፍሬኑ የታደሰ፣ ቀበቶ የተገጠመለት፣ ጭስ የማያስገባ፣ ነጂዎቹም እጀታውን ጠንቅቀው ያወቁት አሮጌ ሽቭሮሌት ወይም ኦልድስሞቢል፣ እሑድ እሑድ በቀስታ መንገድ ቢነዳ ለቤተሰብ ደስታ ነው። ልጆችን በየቀኑ ትምህርት ቤት ለማድረስና በፈጣን አውራ ጎዳና ወደ ሥራ ለመመላለስ ግን አይሆንም።

ይህ ምክር ባሕር ማዶ ላሉት ብቻ አይደለም። ማንዋልም ይሁን አውቶማቲክ፣ በከተማችን አሮጌ መኪና ያለው ቤተሰብ ሁሉ ፍሬኑን፣ ቀበቶውን፣ ማርሚታውንና ወለሉን በዚህ ሳምንት ያስመርምር። ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ እናቶችም በአሜሪካ ያለው ወንድማችሁ ወይም ልጃችሁ ደውሎ «አንድ የሚያምር አሮጌ መኪና አገኘሁ» ሲላችሁ፣ ከዋጋው በፊት ስለ ፍሬኑ ጠይቁት።